ጠበሉም ይጠጣ፣ ዕቁቡም ይከፈል

መስከረም ሲጠባ ሰሜን ሸዋ ሌላ አገር ትመስላለች። ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማ በር ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። ገብሱ ያሸታል፣ ሰማዩ ይጠራል። ሰውም “ዘንድሮስ ሰው እሆናለሁ” ይላል። መጠጥ የሚተው አለ፣ ጫት የሚተው አለ፣ ንስሐ የሚገባ አለ። ደስ ይላል። የሚገርመኝ አብዛኛው ዕቅድ ከደመራው ጋር አብሮ መንደዱ ነው።

እንደኔ እንደኔ፣ መታደስን የብቻ ጉዳይ ስላደረግነው ነው።

ጳጉሜን ላይ ሰው በሌሊት ተነስቶ ወንዝ ይወርዳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ብርድ ውስጥ ጎህ ሳይቀድ መጠመቅ ቀልድ አይደለም። ጳጉሜን 3 የሩፋኤል ዝናብ ሲጥል ደግሞ ልጆች ራቁታቸውን ደጅ ይወጣሉ። ከዚያ ጉዞ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ወደ ጻድቃኔ ማርያምና ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ጢም ብሎ ይመጣል። ሱባኤ ይያዛል፣ ቆሎ ይቆረጠማል፣ ጀሪካን ጠበል ተሞልቶ ይመለሳል። ክፉ አልናገርበትም። ስንቱ ተጽናንቶበታል።

ግን የበደልነው ሰው ጻድቃኔ የለም። ሰፈር ነው ያለው።

መቼም ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት ሰው አለ። ዕቁብ ይገባል፣ ዕጣው ቶሎ ይወጣለታል፣ ብሩን ይበላና ስልኩን ያጠፋል። ዳኛው ቤቱ ድረስ ሲመጣ “የለም” ይባላል። ይኸው ሰው መስከረም ላይ ነጠላውን አጣፍቶ ሱባኤ ይገባል። ሲመለስ ፊቱ በርቷል፤ ለጎረቤቱ ሁሉ እምነትና ጠበል ያድላል። ለዳኛውም ጭምር! ዕቁቡ ግን እንዳለ ነው።

ገጠር እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። የጎረቤቱን ወሰን በማረሻ ገፍቶ ሁለት ትልም የወሰደ ሰው ካለ ሽማግሌ ይገባል። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቀርባል። ተበዳይ ቶሎ እሺ አይልም። ፊቱን ያዞራል። ሽማግሌዎቹ “ስለ እመብርሃን” እያሉ ይለምኑታል። በብዙ ልመና “ይቅር ለእግዚአብሔር” ይላል፣ ድንጋዩም ይወርዳል። ነገሩ ግን እዚያ አያበቃም። ማሳው ላይ ወርደው የወሰኑን ምልክት ወደ ቦታው ይመልሱታል። በዳይ ሁለቱን ትልም ያጣል። እኔ ተለወጠ የምለው ያኔ ነው፤ ፊቱ ስለበራ አይደለም። (ስለ አገር እርቅ እያወራሁ አይደለም፤ እሱን ለትልልቆቹ ትቻለሁ።)

“መጀመሪያ ከፈጣሪ መታረቅ፣ የሰው በኋላ ይደርሳል” የሚሉኝ አሉ። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል፤ መባህን እዚያው መሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ነው የሚለው። የሰው ገንዘብ ይዞ “አባ ይፍቱኝ” የሚልንም ብልህ የንስሐ አባት “በቅድሚያ መልስ” ይለዋል።

ደግሞ ጊዜ የለም አይባልም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ወርኀ ጽጌ ነው፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷ የሚታሰብበት። 40 ቀን ሙሉ! ጾሙ የፈቃድ ስለሆነ የሚያስገድድ የለም። ቅዳሜ ማታ ማኅሌት ቆሞ የሚያድረው ይደር፣ ያልቻለም ይተኛ። በመካከሉ ግን ደመወዝ ይወጣል። ስልኩን ከፍቶ ለዕቁብ ዳኛው መደወልና “በሁለት ጊዜ ልክፈል” ማለት ይቻላል። ዳኛው መጀመሪያ ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ፣ መብቱ ነው።