ውዳሴ ሱፐርቪዥን

መምህራን እንዴት እንደሚያስተምሩ ሊያዩና ሊያማክሩ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጡት ሱፐርቫይዘር፣ ሐሙስ ለመምጣት ማክሰኞ ይደውላሉ። ከዚህ በላይ ጨዋነት ከየት ይመጣል? ሳይነግር ከተፍ የሚለው ቀማኛና ዶፍ ዝናብ ብቻ ነው። የተከበረ እንግዳ አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ባለቤቱም ጓዳውን ይሰበስባል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ግቢው ሠርግ ቤት ይመስላል። ቆሻሻ ይቃጠላል፣ የአበባ መደቡ ድንጋዮች በኖራ ይቀባሉ፣ የመርጃ መሣሪያ ክፍሉ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ ይጠያየቃሉ። በማዳበሪያ ከረጢት ላይ የተሳለው የጨጓራና የአንጀት ሥዕል ከነአቧራው ይወጣል፤ ይራገፋል፤ 5ኛ «ሀ» ክፍል ይሰቀላል። 5ኛ «ሀ» በማግስቱ የሚማረው የክፍልፋይ ድምር ነው። ታዲያ ምን ችግር አለው? ሱፐርቫይዘሩ የሚሞሉት ቼክ ሊስት የሚለው «የትምህርት መርጃ መሣሪያ ትጠቀማለች» ነው እንጂ ጨጓራ ከክፍልፋይ ጋር ምን አገናኘው አይልም። መፍጨትም መካፈል ነው ካላችሁ ደግሞ ጭራሽ ተገናኘ።

ያን ዕለት ማታ የሚሠራው ሥራ ግን ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። የሦስት ሳምንት ሌሰን ፕላን በአንድ ሌሊት ይጻፋል። «በዚህ ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ተማሪዎች ይገልጻሉ፣ ይዘረዝራሉ፣ ያነጻጽራሉ»፤ መግቢያ 5 ደቂቃ፣ ገለጻ 20፣ የተማሪዎች ተግባር 10፣ ማጠቃለያ 5፤ 40 ደቂቃው ሞላ። ዲፓርትመንት ኃላፊው በማለዳ መጥቶ የ15ቱን ቀን ይፈርማል፤ ያውም በሦስት ዓይነት እስክርቢቶ። በአንድ ቀለም ከተፈረመ ያስነቃላ! ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለትምህርቱ ቢውል ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ እሱ ቀናተኛ ሰው ነው።

ሐሙስ ሆነ። መምህርቷ ሰሌዳው ላይ 1/2 + 1/3 ብላ ጻፈች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት 62 ልጆች ሁሉም እጃቸውን አወጡ። ያወቀ ቀኝ፣ ያላወቀ ግራ እጁን እንዲያነሣ ትናንት ስለተነገራቸው ማንም እጁን አላጠፈም፤ ከኋላ ለሚያይ ሰው ጫካ ነው። ቀኝ ያነሣችው ልጅ ተጠራች፣ ጥያቄው ሳያልቅ መለሰች፤ «5/6!» ጭብጨባ። አንዱ ሕፃን ብቻ፣ ገና ያልገባው፣ «ቲቸር፣ ይሄንን እኮ ትናንት ተምረነዋል» አለ። እሱም በዓይን ጥቅሻ ተመከረ።

ቀጥሎ የቡድን ሥራ ነው። የፊተኛው ወንበር ልጆች ወደ ኋላ ይዞራሉ፤ ስድስት ስድስት ይሆናሉ። ደብተሩ የቡድን መሪዋ ነው፣ እርሳሱም የእሷ፣ መልሱም የእሷ። አምስቱ የእርሳሷን ጫፍ ያያሉ። ወጥታ የምታቀርበውም እሷው ናት። «አሳታፊ የማስተማር ዘዴ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት ይገባል፤ ተሳትፈዋላ፣ አይተዋል።

ሱፐርቫይዘሩ የት ተቀመጡ? ከኋላ። ይህ ቦታ በጥበብ የተመረጠ ነው። ከኋላ ሆኖ የሚታየው የ62 ልጅ ማጅራትና የመምህርቷ ፊት ነው። ደብተር አይታይም። ደብተር ካልታየ ደግሞ ሰላም ነው። ለምሳሌ ከሱፐርቫይዘሩ ክንድ አንድ ስንዝር ርቆ የተቀመጠው ልጅ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ጽፏል። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምሮ። ይህ በክፍልፋይ ትምህርት የታወቀ ስሕተት ነው፤ ልጁ ቁጥሩን እንደ አንድ መጠን ሳይሆን እንደ ሁለት የተነባበሩ ቁጥሮች ስለሚያየው የሚመጣ። አንገት ዘንበል ቢል ይታይ ነበር። ግን ቼክ ሊስቱ አንገት ዘንበል ማድረግ የሚል መስፈርት የለውም።

አንዳንድ ክብራቸውን የማያውቁ ሱፐርቫይዘሮች አሉ፤ ስለ እነሱ ማንሳቱ ራሱ ያሳፍራል። ገብተው ከኋላ በመቀመጥ ፈንታ በወንበሮቹ መካከል ይሽሎከለካሉ። ይንበረከካሉ፤ ሱሪያቸው ቾክ ይነካዋል። ደብተር ያያሉ፣ «እስቲ እንዴት እንዳገኘኸው አሳየኝ» ይላሉ ለሕፃን! ወረቀታቸው ላይ ቼክ ሊስት የለም፤ የክፍሉን ወንበሮች በአራት ማዕዘን ሥለው መምህርቷ ጥያቄ በጠየቀች ቁጥር የተጠየቀው ልጅ ያለበት ቦታ ላይ ጭረት ያደርጋሉ። መጨረሻ ላይ ከ10 ጭረት 8ቱ ፊት ለፊት ባሉት ሁለት ወንበሮች ላይ ይሆናል። ሌላም አላቸው፤ መምህርቷ ከጠየቀች በኋላ መልስ ለመቀበል ስንት ሰከንድ እንደጠበቀች ይቆጥራሉ። ይህ ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያመጣችው ጣጣ ነው። መምህራን ከጠየቁ በኋላ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ሦስት ሰከንድ ቢታገሡ ግን የልጆች መልስ እንደሚረዝምና ዝም ይሉ የነበሩትም እንደሚናገሩ አሳይታለች። ሰከንድ የሚቆጥር ሱፐርቫይዘር! የሩጫ አሠልጣኝ ነው እንዴ?

የእኛዎቹ ግን በ12 ደቂቃ ይጨርሳሉ። ስስታቸው ሳይሆን ሒሳባቸው ነው። በአንድ ጉድኝት ማዕከል (ጎረቤት ትምህርት ቤቶች የሚሰባሰቡበት) ሥር ስድስት ትምህርት ቤት፣ በየትምህርት ቤቱ 25 መምህር ቢኖር 150 መምህር ነው። በ12 ደቂቃ ሲባዛ 1,800 ደቂቃ፣ ማለትም 30 ሰዓት፤ መንገዱ ካልተቆጠረ በአንድ ሳምንት አለቀ፣ ሪፖርቱ ሄደ። እንደነዚያ ክብረ ቢሶች ከክፍል በፊት 15 ደቂቃ «ዛሬ ምን እንድመለከትልሽ ትፈልጊያለሽ?» ብሎ መነጋገር፣ ሙሉ 40 ደቂቃ መቀመጥ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ መወያየት ቢባል ለአንድ ሰው 75 ደቂቃ ይሆናል። ለ150 ሰው 187 ሰዓት ተኩል። አንድ ጊዜ ታይቶ ደግሞ አይበቃም፣ የተነገረው መሠራቱ ካልታየ ምክሩ ነፋስ ነው ይላሉ፤ ሦስት ጊዜ ልመለስ ካሉ 562 ሰዓት ተኩል ሊሆንባቸው ነው። ስለዚህ ምን ያደርጋሉ? 10 መምህር ብቻ ይመርጣሉ፤ በተለይ ጀማሪዎቹን። ሪፖርታቸው ላይ 10 ብቻ! ወረዳው የሚጠይቀው «ስንት መምህር ተጎበኘ?» ብሎ ነው፤ «ምን ተለወጠ?» የሚል ዓምድ ፎርሙ ላይ ስለሌለ እነዚህ ሰነፎች ተብለው ይቀራሉ። እርግጥ ነው፣ ከአንዱ ሳተላይት (በማዕከሉ ሥር ያለ) ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሁለት ሰዓት በእግር የሚኳትኑ፣ ለትራንስፖርት ሳንቲም የማይቆረጥላቸው ሱፐርቫይዘሮች እንዳሉም የሚታወቅ ነው፤ ግን ስለ እነሱ ማውራት ውዳሴውን ያበላሻል።

አሁን ወደ ነጥብ አሰጣጡ። 25 መስፈርት፣ እያንዳንዱ ከ4። እዚህ ላይ የሀገራችን ረቂቅ ጥበብ ይታያል። 1 ከሰጡ ማብራሪያና የድጋፍ ዕቅድ ይጠየቃሉ። 2 ከሰጡ ኩርፊያ አለ፤ ነገ ሻይ ቤት ትገናኛላችሁ። 4 ከሰጡ ደግሞ በሚቀጥለው መንፈቅ ዓመት ወዴት ሊያድግ ነው? ስለዚህ 3። አለባበስ 3፣ የድምፅ አወጣጥ 3፣ የሰሌዳ አጠቃቀም 3፣ የጨጓራው ሥዕል 3። ሦስት በ25፣ 75፤ «ጥሩ»። በሁለተኛው መንፈቅ 78 ይደረግና መሻሻል ታየ ይባላል። ትምህርት ቤቱ ሁሉ «ጥሩ» ነው፤ ወረዳው «ጥሩ» ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4። ይሄማ የተማሪው ጉዳይ ነው። ከ25ቱ መስፈርት ውስጥ ተማሪው ምን ተማረ የሚል አንድም የለም፤ ባልተጠየቀ ነገር ሱፐርቫይዘር አይወቀስም።

ግብረ መልሱ ኮሪደር ላይ፣ እግር ወደ በሩ እያመራ ይሰጣል። «ጠንካራ ጎን፣ ሰዓት ታከብሪያለሽ፣ ድምፅሽ ይሰማል። መሻሻል ያለበት፣ ትንሽ አሳታፊ ብታደርጊው። በርቺ።» «አመሰግናለሁ።» ፊርማ። ይህ ምክር ውበቱ ለማንም፣ ለየትኛውም ክፍል፣ ለየትኛውም ዓመት መሆኑ ነው። ለስፖርት መምህሩም ይሆናል። ያ ሱሪው ቾክ የነካው ሱፐርቫይዘር ቢሆን ኖሮ ደግሞ ምን ይል ነበር? «ካየኋቸው 11 ደብተሮች 7ቱ 2/5 ነው የሚሉት። ነገ ስትገቢ ሕጉን አትድገሚላቸው። ግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ እንጀራ ብንጨምር ከግማሽ ሊያንስ ይችላል ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው፤ 2/5 ከግማሽ ያንሳልና ራሳቸው ይደነግጣሉ። ከዚያ እንጀራውን ስድስት ቦታ ቁረጪላቸው፤ ሦስትና ሁለት፣ አምስት። ማክሰኞ መጥቼ እነዚያኑ ደብተሮች አያለሁ።» ሥራ ማብዛት! አንድ ነገር ብቻ፣ ያውም ነገ የሚሠራ፣ ያውም ተመልሶ የሚታይ። 24 መስፈርት የት ገባ?

መምህርቷስ ለምን «ክፍልፋይ ማስተማር አቃተኝ፣ እርዱኝ» አላለችም? ብልህ ስለሆነች ነው። የሚረዳትም፣ ለሥራ አፈጻጸም ምዘናዋ ነጥብ የሚሰጣትም ያው አንድ እጅ ነው፤ ያ ነጥብ ደግሞ ከጀማሪ ወደ መለስተኛ፣ ከመለስተኛ ወደ «መምህር» ደረጃ የሚያሻግራት መሰላል ነው። ቁስልን ለሐኪም ማሳየት ይቻላል፤ ሐኪሙ በዚያው ወንበር ላይ ዳኛም ከሆነ ግን ጤነኛ ነኝ ማለት ይሻላል። እነሆ ሁሉም ጤነኛ ሆነ። አማካሪነትንና ቁጥጥርን ለሁለት ሰው ከፋፍሎ መስጠት የሚባል ነገር አለ፤ ግን ሁለት ሰው ሁለት ወንበር ይፈልጋል፣ ቢሮ ጠባብ ነው።

ጀማሪ መምህርስ እንዳትሉ፣ ጀማሪ የራሱ አማካሪ መምህር አለው። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ማዕቀፍ አዲስ ተቀጣሪ በሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ እንዲያልፍ፣ ነባሩ ደግሞ በዓመት 60 ሰዓት ራሱን እንዲያሻሽል ያዛል። አማካሪው በሳምንት 28 ክፍለ ጊዜ ያስተምራል፤ ጀማሪውም እንዲሁ። አማካሪው 6ኛ «ለ» ሲገባ ጀማሪው 5ኛ «ሀ» ይገባል። ፕሮግራም ያወጣው ሰው ሁለቱን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ነፃ ቢያደርጋቸው ይገናኙ ነበር፤ ግን ያኔ ክፍል ይደረባል። ስለዚህ ሁለቱ የሚገናኙት በፊርማ ነው። ማኅደረ ተግባሩም (ጀማሪው የሠራው ሁሉ የሚሰበሰብበት ፋይል) ካለፈው ዓመት ጀማሪ ይወረሳል፤ ስሙ በፍሉድ ይጠፋና አዲሱ ይጻፍበታል። ፍሉዱ ሲደርቅ ሙያ ተዋወቀ ይባላል።

60 ሰዓቱም ይሞላል፤ ለዚህ ጥርጥር የለም። ርእሱ ዘንድሮም «ተከታታይ ምዘና» ነው፤ አምናም እሱ ነበር፤ ካቻምና «አሳታፊ የማስተማር ዘዴ» ነበር መሰለኝ። ትንተና፣ ዕቅድ፣ ትግበራ፣ ግምገማ የሚባለው ዑደት አራቱም በአንድ ዓርብ ከሰዓት ይዞራል፤ አንዳንዴ ሻይ ከመጣ በኋላ ግምገማው ከትግበራው ይቀድማል። ድሮ የቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ስንደዶው ፊደሉ ላይ ሲንቀሳቀስ እያዩ፣ የሳተበት ላይ ያስቆሙት ነበር። ፎርማት አልነበራቸውማ፣ ምን ያድርጉ፣ ልጁን ከማየት ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም።

ሱፐርቫይዘሩ ምሳ በልተው ሄዱ። ቼክ ሊስቱ በሦስት ኮፒ ተፈርሞ አንዱ ለወረዳ፣ አንዱ ለርዕሰ መምህሩ፣ አንዱ ለመምህርቷ ማኅደር ሆነ። ከሥር «ቀጣይ የምልከታ ቀን» የሚል ባዶ መስመር አለ፤ በሦስቱም ላይ ባዶ ነው። የጨጓራው ሥዕል ተጠቅልሎ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ 62 ደብተር በእረፍት ጊዜ ይታረም ነበርና፣ ያ ከሱፐርቫይዘሩ ክንድ ስንዝር ርቆ የተቀመጠው ልጅ 2/5ቱ ላይ ትልቅ ቀይ ራይት ተደርጎለት ወደ ቤቱ ሄደ።