ክብር ለዚያች ጨርቅ

ሰሞኑን አንዲት እናት ኬክ ሻጩን «ልጄ የኦቾሎኒ አለርጂ አለበት» ስትለው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከኬኩ ላይ ኦቾሎኒውን በጣቱ ለቀም ለቀም አደረገና «ይኸው፣ አሁን የለበትም» አላት። እጁ ይባረክ! ሐኪም ሁሉ የሚጨነቅበትን ነገር በሁለት ጣት ጨረሰው።

ከዚህ ሙያ ውስጥ እኔ በጣም የማደንቀው ግን ጨርቋን ነው። ታውቋታላችሁ፣ ጋጋሪው ትከሻ ላይ የምትውለዋን። ጠዋት የሰሊጥ ዳቦ የተቆረጠበትን ጠረጴዛ ትጠርጋለች። ቀጥላ ኦቾሎኒ የነካውን ቢላ ትወለውላለች። እንቁላል የፈሰሰበትን ሚዛን ታብሳለች። በመሃል የጋጋሪውን ግንባር ደረቅ ታደርጋለች። ከሰዓት «ወተትና እንቁላል የሌለው» ተብሎ የተጻፈለት ኬክ ሲመጣ ትሪውን የምታጸዳው ማን ናት? እሷው! አድልዎ አታውቅም፤ ከሁሉም ወስዳ ለሁሉም ታካፍላለች። ማታ ምስማር ላይ ትሰቀላለች። መታጠብ? ያን ሁሉ የሰበሰበችውን ሀብት ውሃ ይውሰደው እንዴ!

«ምድጃ ከገባ ሁሉም ይሞታል» የሚሉ ሊቃውንትም አሉን። አለርጂ የሚቀሰቅሰው ፕሮቲን ጀርም መስሏቸዋል። ኦቾሎኒ እንኳን በሙቀት ሊጠፋ፣ ሲቆላ ሊብስበትም ይችላል። እጃቸውን ሳኒታይዘር ቀብተው የሚኮሩም አሉ። የኦቾሎኒን ቅሪት የሚያነሳው ግን ሳሙናና ውሃ ነው። ማሽኑን በአየር ግፊት የሚያጸዱትማ ቸሮች ናቸው፤ የአንዱን ማሽን ዱቄት ለቤቱ በሙሉ ያድላሉ።

የረቀቁት ደግሞ አሜሪካ ነው ያሉት። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሰሊጥ በማሸጊያ ላይ የግድ ከሚጻፉት ዋና ዋና አለርጂ አምጪዎች 9ኛው ሆነ። አንዳንድ ዳቦ አምራቾች ታዲያ መሣሪያቸውን ከሰሊጥ ከሚያጸዱ፣ ሰሊጥ ባልነበረበት ዳቦ ላይ ሰሊጥ ጨመሩበት። ከዚያ «ሰሊጥ አለው» ብለው ጻፉ። ሐቀኛ ማለት እንዲህ ነው!

ቀልዱ ይቅርና፣ የልጅ ጉሮሮ ሲያብጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትንፋሽ ሲያጥረው? ይህ «ማካበድ» አይደለም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሰው የሚሞትበት ነገር ነው። ኦቾሎኒ የሌለውን ቀድሞ መጋገር፣ ቢላና ትሪውን መለየት፣ በሳሙና ማጠብ ምኑ ይከብዳል? ካቃታችሁም «ለልጅሽ አይሆንም» በሏት። ይቺን ለማለት ምን ያስፈልጋል?

መልስ ግን አያጡም። «ስንት ዘመን ስንጋግር አንድ ሰው አልታመመብንም» ይላሉ። እውነት ነው፣ ሱቃቸው ውስጥ የወደቀ የለም። ደንበኛው ኬኩን አስጠቅልሎ ነዋ የሚሄደው! ቤቱ ይደር ሆስፒታል ይደር በምን ያውቃሉ?