ሳክስፎኑን የነፋው ማነው?

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ አሮጌ ዕቃ መሸጫ አንድ ሲዲ ገዛሁ። ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ ያንሳል። የጃዝና የሶል ሴት ዘፋኞች የፍቅር እንጉርጉሮ ስብስብ ነው። ቤሲ ስሚዝ፣ ቢሊ ሆሊደይ፣ ዳይና ዋሽንግተን፣ ኤታ ጄምስ። ያው ጥሎ በሄደ ወንድ ነው የሚያለቅሱት።

ያበገነኝ ሙዚቃው አይደለም፤ ውስጡ ያለችው ቀጭን ደብተር ናት። ቤሲ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1925 ስታንጎራጉር ትራምፔት መሰሉን ኮርኔት የነፋላት ሉዊስ አርምስትሮንግ ነው ይላል። እሺ፣ እሱስ ታዋቂ ነው። ኦርጋን መሰሉን ሃርሞኒየም የተጫወተው ፍሬድ ሎንግሾው ግን ምን አድርጎ ነው ስሙ መቶ ዓመት የቆየው? ተጫወተ፣ ተጻፈ። በቃ።

የኛንም ልስማ ብዬ ዩቲዩብ ከፈትኩ። «ምርጥ የብዙነሽ በቀለ ትዝታዎች» ይላል። ፎቶው የአስቴር አወቀ ነው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ የምትዘፍነው ሂሩት በቀለ ናት። በቀለ ያው በቀለ ነው ብሎ መሰለኝ። ልክ አንጀቴን ልትበላው ስትል አንድ ጎረምሳ «ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ!» ብሎ ይጮህባታል።

ግጥሙ የማን ነው? ዜማው? መቼ ተቀዳ? ዝም። ብዙነሽ የክቡር ዘበኛ፣ ሂሩት የፖሊስ ኦርኬስትራ ዘፋኞች ነበሩ እኮ! ከኋላቸው የነበሩት ደሞዝተኞች ናቸው። ደሞዝ መዝገብ ላይ የሰፈረ ስም ዘፈኑ ሥር መስፈር አቃተው? አስናቀች ወርቁ ክራሩን ራሷ ስለመታች ተገላገለች። እሷንም ቢሆን የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ ሲዲ በሆነው በኢትዮፒክስ 16ኛ ቁጥር ለብቻዋ ያወጣት ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። እኛ ደግሞ ፈረንጅ ሰበሰበው ብለን እንቆጣለን።

አሜሪካኖቹም ጻድቃን አይደሉም። ቤሲ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1937 ሞታ መቃብሯ እስከ 1970 ድረስ የስም ድንጋይ አልነበረውም። ለሴትዮዋ ድንጋይ የነፈገ አገር የአጃቢዎቿን ስም ግን አልጣለም። የኛዎቹ ሁለቱንም ነው የሚጥሉት።

አላስችል ብሎኝ ኮመንት ላይ «ወንድሜ፣ ሳክስፎኑን የነፋው ማነው?» ብዬ ጻፍኩ። ባለቻናሉ ወዲያው መለሰ፦ «እናመሰግናለን ቤተሰብ፣ ከየት አገር ነው የምትከታተለን?»