ለቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን ክሮሚየም ወይስ ይተርቢየም?

በክሎራይድ ፔሮቭስካይት (ክሎሪን ያለበት፣ አቶሞቹ በተወሰነ ሥርዓት የተደረደሩበት) ክሪስታል ውስጥ ጥቂት ባዕድ ብረት ጨምሮ ዓይን የማያየውን የቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን ለማግኘት የትኛው ይመረጣል? ትራንዚሽን ሜታሉ ክሮሚየም ወይስ ከላንታናይዶች (ብርቅዬ የምድር ብረቶች ከሚባሉት) ወገን የሆነው ይተርቢየም?

ለክሮሚየም፦ መብራቱ ለምን እንደተፈለገ አንርሳ። የእህል እርጥበትና የወተት ስብ የሚለካው በዚህ ብርሃን ነው፤ ውሃ 970 ናኖ ሜትር፣ ስብ ደግሞ 930 አካባቢ ይመጥጣሉ። ሁለቱን ባንድ መብራት ለማየት ሰፊ ብርሃን ያሻል። ከሲዚየም፣ ከብር፣ ከኢንዲየምና ከክሎሪን በተሠራ ድርብ ፔሮቭስካይት (ሁለት ብረቶች የሚፈራረቁበት) ውስጥ የገባ ክሮሚየም ከ850 እስከ 1350 ያበራል፤ ጫፉ 1010 ላይ ነው። ክሎሪን በክሮሚየም ኤሌክትሮኖች ላይ ያለው ጫና ደካማ ስለሆነ የሚወጣው ጉልበት ያንሳል፤ ኤሌክትሮኖቹ ከክሪስታሉ ንዝረት ጋር ስለሚተሳሰሩም ብርሃኑ ይሰፋል። ክሮሚየም የሚተካው ኢንዲየምም እንደሱ ባለ ሦስት ቻርጅ ነው፤ ሚዛኑ አይዛባም። እርሳስም የለበትም።

ለይተርቢየም፦ ስፋቱን አልክድም፤ ብርሃኑ ግን የታለ? ያ ክሪስታል ከመጠጣቸው 100 ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) መልሶ የሚሰጠው 22 ያህል ነው። ስፋቱን ያመጣው ትስስር ራሱ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። የሲዚየም እርሳስ ክሎራይድን ይመልከቱ፤ 3 ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው) ያህል ይመጥጣል፣ ይተርቢየም የሚፈልገው 1.25 ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ፎቶን ገብቶ ሁለት ሊወጡ ይችላሉ! የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 የሚወጡት ፎቶኖች ከተመጠጡት ከ100 በመቶ በላይ መሆናቸውን ለክተዋል፤ ጣሪያው 200 ነው። ብርሃኑ 990 አካባቢ ስለሚያርፍ የሲሊከን የፀሐይ ሕዋስ በደንብ ይቀበለዋል።

ለክሮሚየም፦ ለፀሐይ ሕዋስ ይሁን፣ እቀበላለሁ። በ990 ጠባብ ብርሃን ግን የወተት ስብ አይለኩም። ምግብ በሚነካ መሣሪያ ውስጥም ውሃ የሚያፈርሰው የእርሳስ ክሪስታል እንዲገባ አልስማማም። ደግሞ ባለ ሦስት ቻርጁ ይተርቢየም ባለ ሁለቱን እርሳስ ሲተካ፣ ለሁለት ይተርቢየም አንድ የእርሳስ ቦታ ባዶ ይቀራል።

ለይተርቢየም፦ ባዶ ቦታው ጉዳት ነው ያለው ማን ነው? ጉልበቱ ለሁለቱ የሚከፈለው በእሱ በኩል ነው የሚል ጠንካራ ማብራሪያ አለ። በእርሳሱ ልክ ነዎት፣ በደንብ መታሸግ አለበት። የእርስዎ ክሪስታል ግን መምጠጥም ይቸግረዋል፤ ክሮሚየም በስድስት ክሎሪኖች እኩል ሲከበብ ብርሃን የመምጠጥ ዕድሉ እጅግ ያንሳል።

ለክሮሚየም፦ ለዚያ መፍትሔው ክሮሚየምን መተው አይደለም። ጥቂት አንቲሞኒ ሲጨመር አልትራቫዮሌቱን እሱ መጥጦ ጉልበቱን ለክሮሚየም ያቀብላል። እርሳስ ከማሸግ ይልቅ ድካማችን እዚህ ላይ ይዋል።