ከተፈረመ በኋላ ለፓርላማ መንገር

«ጠላት ደጅ ላይ ቆሞ ስብሰባ አይጠራም» አሉ ጋሼ።

ክርክሩ የተነሳው ፍራንክፈርት፣ እሁድ ከሰዓት፣ ቡና ላይ ነው፤ የአውሮፓ ህብረት ስለ ጦርና ፀጥታ ሲወስን ፓርላማ አስቀድሞ ይወቅ ወይስ አይወቅ የሚል። ሰዎቹን በስም አልጠራም። ጋሼ የምንላቸው ከወጣትነታቸው ጀምሮ ጀርመን የኖሩ ሰው ናቸው። ከፊታቸው የተቀመጠችው እህታችን ህግ ተምራ ብራስልስ ትሠራለች። ሦስተኛው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ መንገድ ላይ ሬዲዮ ከጆሮው አይለይም።

ወሬውን ያመጣውም እሱ ነው። የአውሮፓ ህብረት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ለአባል አገራት የመሣሪያ ግዢ እስከ 150 ቢሊዮን ዩሮ የሚያበድር ደንብ አወጣ። ደንቡ የወጣው ለችግር ጊዜ በተቀመጠ አንቀጽ ስለሆነ የአውሮፓ ፓርላማ ድምፅ አልሰጠበትም። ነሐሴ ላይ ፓርላማው ደንቡን ያወጣውን የአባል አገራቱን ሚኒስትሮች ምክር ቤት ከሰሰ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ይሄን ሁሉ ብድር ህዝብ የመረጠው ሰው ሳይጠየቅበት?» አለ ሹፌሩ።

ጋሼ አልዋጥላቸው አለ። «ሩሲያ ዩክሬን ከገባች ስንት ዓመቷ ነው? በውጭ ጉዳይና በፀጥታ 27 መንግሥት በሙሉ ድምፅ መስማማት አለበት። አንዱ እምቢ ካለ ነገሩ ይቆማል። በዚያ ላይ ፓርላማ ስትጨምርበት ጭራሽ አለቀልህ።»

«ጋሼ፣ ፓርላማ ጦር ይምራ ያለ የለም» አለች እህታችን። «ይወቅ ነው የምለው። ሳይፈረም ይወቅ።»

የህብረቱን መተዳደሪያ ውል በቃሏ ታውቀዋለች። ከፍተኛ ተወካዩ፣ ማለትም የህብረቱ የውጭ ጉዳይ ኃላፊ፣ ስለ ጋራው የውጭና የፀጥታ ፖሊሲ የአውሮፓ ፓርላማን በየጊዜው ማማከር አለበት። ፓርላማው በዓመት ሁለቴ ይከራከርበታል፣ ይጠይቃል፣ ምክር ይሰጣል። ማገድ ግን አይችልም። የወታደራዊ ዘመቻ ወጪም ከህብረቱ በጀት አይወጣም። በ2021 የተቋቋመው የአውሮፓ የሰላም ፋሲሊቲ የሚባለው የገንዘብ ቋት የሚሞላው በአባል አገራት መዋጮ ነው። ለዩክሬን መሣሪያ የሰጡ አገሮች ማካካሻ ያገኙትም ከዚያ ነው። በጀት ማጽደቅ ደግሞ ዋናው የፓርላማ ጉልበት ነው፤ እዚህ ላይ ያ ጉልበት የለውም።

«መዋጮው ከየአገሩ ከመጣ የየአገሩ ፓርላማ ይጠይቅ» አሉ ጋሼ። «የእኛን እዩ።» የእኛ የሚሉት ጀርመንን ነው። «የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ1994 ወሰነ፣ በ2005 ህግ ወጣ። ፓርላማችን ቡንደስታግ ካልፈቀደ ጦር ውጭ አይዘምትም። አስቸኳይ ከሆነ ይሄድና ወዲያው ይጠየቃል፤ ከተከለከለ ይመለሳል።»

እዚህ ላይ አልተቃወመቻቸውም። «ግን ሁሉም ጀርመን አይደለም» አለች። የፈረንሳይ መንግሥት ጦር ካዘመተ በሦስት ቀን ውስጥ ለፓርላማው ይነግራል፤ ድምፅ የሚጠይቀው ዘመቻው ከአራት ወር ካለፈ ነው። ስለዚህ አንድ የህብረቱን ባንዲራ ለያዘ ዘመቻ አንዱ ፓርላማ ድምፅ ይሰጣል፣ ሌላው ይነገረዋል።

«ታዲያ አጠቃላዩን ማን ነው የሚጠይቀው?» አለ ሹፌሩ።

የተፈጠረ መድረክ አለ። የምዕራብ አውሮፓ ህብረት የሚባለው የድሮ ድርጅት ከነጉባኤው በ2011 ተዘጋ። በ2012 የፓርላማዎች የጋራ ጉባኤ ቆጵሮስ፣ ጳፎስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበሰበ። ከየአገሩ ስድስት፣ ከአውሮፓ ፓርላማ 16 እንደራሴ ይመጣል። በየስድስት ወሩ ይገናኛሉ፣ ከፍተኛ ተወካዩ ፊታቸው ቀርቦ ይጠየቃል፣ መግለጫ ያወጣሉ። መግለጫው ማንንም አያስገድድም።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው» አሉ ጋሼ። እሷ ግን ተረቱን ወደ ራሷ ወሰደችው። «ልክ ብለዋል። እኔም የምለው ጅቡ ሳይሄድ ይጩህ ነው።» ከዚያ የሞሪሸስን ጉዳይ አወጋችን።

ህብረቱ ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ አታላንታ በሚባለው ዘመቻ የጦር መርከቦች ሶማሊያ ጠረፍ ላይ አሰማርቷል። በባህር ወንበዴነት የተጠረጠሩ ሰዎች ሲያዙ የት ይዳኙ? ከሞሪሸስ ጋር ስምምነት ተደረገ። በሐምሌ 2011 ተፈረመ፤ የአውሮፓ ፓርላማ ጽሑፉ የደረሰው በጥቅምት ነው። ከሦስት ወር በላይ! በህብረቱ ይፋዊ ጋዜጣ ላይ እንኳ ታትሞ 17 ቀን ካለፈው በኋላ። ፓርላማው ከሰሰ። ሉክሰምበርግ ያለው የህብረቱ ፍርድ ቤት በ2014 ሲወስን፣ በእንዲህ ያለው ስምምነት የፓርላማው ፈቃድ አያስፈልግም አለ። ወዲያው እና በተሟላ ሁኔታ ማሳወቅ ግን ግዴታ ነው ብሎ ስምምነቱ የተፈረመበትን የሚኒስትሮቹን ምክር ቤት ውሳኔ ሻረው። ሥራው እንዳይደናቀፍ ውጤቱ እንዲጸና አደረገ። በ2016ም ከታንዛኒያ ጋር በተደረገው ተመሳሳይ ስምምነት ያው ጥፋት ተደግሞ ያው ፍርድ ተሰጠ።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ «ምስጢርስ? ፓርላማ ወሬ አይይዝም» አሉ። ለዚህም መልስ ነበራት። በ2002 በተደረገ ስምምነት አምስት እንደራሴዎች ያሉት ልዩ ኮሚቴ የመከላከያ ምስጢር የሆኑ ሰነዶችን እንዲያይ ተፈቅዷል።

ሹፌሩ ያልጠበቅነውን ነገር አነሳ። የኢትዮጵያ ጦር በ2014 ሶማሊያ የነበረውን የአፍሪካ ህብረት ሰላም አስከባሪ ጦር አሚሶምን ተቀላቀለ። የወታደሮቹን አበል ይከፍል የነበረው የአውሮፓ ህብረት ነው። በ2016 ህብረቱ ከዚያ ድጋፍ 20 በመቶ ቀነሰ። «ያኔ ማን ተጠየቀ?» አለ። ገንዘቡ ከአውሮፓ ልማት ፈንድ ነበር፣ ፈንዱም ከህብረቱ በጀት ውጭ። ፓርላማው የፈንዱን ሂሳብ በኋላ ይመረምራል እንጂ በጀቱን አስቀድሞ አያጸድቅም ነበር። ሶማሊያ ውስጥ ምሽግ ላይ ለቆመ ልጅ፣ ብራስልስ የተቆረጠው 20 በመቶ እናቱ ቤት የሚገባ ብር ነው።

እኔ ለእህታችን እፈርዳለሁ። ጋሼ ፍጥነት ያስፈልጋል ማለታቸው እውነት ነው። ነገር ግን የሞሪሸሱን ስምምነት ለፓርላማው በጊዜ መላክ መርከቦቹን አንድ ቀን ባላዘገየ ነበር። የጎደለው ጊዜ አልነበረም፤ ፈቃደኝነት ነው። የጋሼ የጀርመን ህግም ለእሷ ይመሰክራል፤ ቡንደስታግ እየተጠየቀ የጀርመን ጦር ዘምቷል።

የጋራ ጉባኤው በዓመት ሁለቴ ተገናኝቶ መግለጫ ማውጣቱ አይበቃኝም። የሰላም ፋሲሊቲው ክፍያ እና የአዲስ ዘመቻ እቅድ ሚኒስትሮቹ ከመወሰናቸው በፊት ይድረሰው፤ ምስጢር የሆነው በዝግ ይታይ። እንደራሴዎቹም ሲመለሱ በ27ቱም ፓርላማ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ሳምንት ለየሚኒስትሮቻቸው ያቅርቡ። አሁን ሚኒስትሩ አገሩ ሲጠየቅ «ብራስልስ ነው የወሰነው» ይላል። ብራስልስ ደግሞ «አገሮቹ ናቸው» ይላል። ጥያቄው በአንድ ሳምንት ከሁሉም በኩል ከመጣ ሁለቱም እንዲህ ብለው ማምለጥ አይችሉም።