ቅጹን ያልሞላው አለቃ፣ ከውድድር የወጣሁት እኔ

የሥራ አፈጻጸም ምዘና በየስድስት ወሩ ይሞላል ይባላል። ይባላል ነው ያልኩት። እኛ ቢሮ ቅጹ ትዝ የሚለው ክፍት የሥራ መደብ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ነው። ያኔ ሁሉም ወረቀቱን ይዞ አለቃ ፍለጋ ይራወጣል። አለቃ ደግሞ ወይ ስብሰባ ላይ ናቸው ወይ ፊልድ ወጥተዋል።

ባለፈው የደረጃ ዕድገት ውድድር ልመዘገብ የሰው ሀብት ሄድኩ። ልጅቷ ማህደሬን ገለጥ ገለጥ አደረገችና «የመጨረሻው ስድስት ወር ውጤትዎ የለም» አለችኝ። እንዴት የለም? ሥራው አለ፣ ሪፖርቱ አለ፣ የሰዓት ፊርማዬ አለ። የጠፋው የአለቃዬ ፊርማ ነው። «መመሪያው ያለ ውጤት አያወዳድርም» አለችኝ። እሷን አልቀየምኳትም። የራሷም እንዳልተሞላ በኋላ ሰምቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው ኃላፊ ሳይሞሉልን ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወሩ። አዲሱ «ያላየሁትን ሥራ በምን ልመዝን?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የድሮው ሲደወልላቸው «እኔ እኮ ከዚያ ወጥቻለሁ» ይላሉ። በቃ፣ የለፋሁበት ግማሽ ዓመት ባለቤት አጣ።

ቅሬታ ሰሚ ሂድ አሉኝ፣ ሄድኩ። ለካ እነሱ ቅሬታ የሚቀበሉት በተሰጠ ውጤት ላይ ነው! አነሰብኝ ብል ኖሮ ይሰሙኝ ነበር። ምንም አልተሰጠኝም ላለ ሰው ግን ቅጽ የላቸውም።

እሺ፣ በልመና ተሞላ እንበል። ወራት አልፎት የሚሞላ ምዘና ምኑን ይመዝናል? አለቃ የሚያስታውሱት የሰሞኑን ነው። ባለፈው ሳምንት አርፍደህ ከሆነ አለቀልህ። ወይ ደግሞ ጣጣ እንዳይበዛባቸው ለሁሉም አንድ ዓይነት ነጥብ ይሰጣሉ። ሲለፋ የከረመውም ሲያዛጋ የከረመውም እኩል 85! ከዚያ አሸናፊው በሌላ ነገር ይለያል። ሌላው ነገር ምን እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ።

«ታገስ፣ ሌላ መደብ ይከፈታል» የሚሉኝ ደግሞ ይብሱብኛል። መቼ? እስኪከፈት የደመወዙ ልዩነት በየወሩ ይቀርብኛል። ጡረታም ከደመወዝ ነው የሚሰላው። ውጤቱ ዘግይቶ ቢመጣ እኛ ቢሮ ወደኋላ ተቆጥሮ የተከፈለው ሰው አላየሁም።

በቀኑ ያልሞላ ኃላፊ ከራሱ ምዘና ላይ ይቀነስበት። ሲዛወርም ቅጾቹን ሞልቶ ሳይጨርስ ክሊራንስ አይሰጠው። የአንድ ላፕቶፕ ርክክብ ሲጎድልበት ይከለከል የለም እንዴ?