ስለ «የሙታን ደሴት» ትርጓሜ

አንድ ጸሐፊ የስዊዘርላንዳዊውን ሠዓሊ የአርኖልድ ቦክሊንን «የሙታን ደሴት» የፍጹም ተስፋ መቁረጥ ሥዕል አድርገው ተርጉመውታል፤ ይህ ትርጓሜ ከርዕሱ የመነጨ ይመስለኛል፤ ርዕሱን ያወጣው ግን የሥዕል ነጋዴው ፍሪትዝ ጉርሊት እንጂ ሠዓሊው አይደለም። ወደ ደሴቱ በምትቀርበው ጀልባ ላይ የሚታዩት ነጭ የለበሰው ሰውና የሬሳ ሣጥኑም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. በ1880 ማሪ በርና ለሟች ባለቤቷ መታሰቢያ የሚሆን ሥዕል ባዘዘች ጊዜ የተጨመሩ ናቸው። ስለዚህ የሥዕሉን ስሜት ከሣጥኑ ይልቅ በገደሎቹ መካከል ሰማዩን እስኪጋርዱ ቀጥ ብለው ከቆሙት ጥቋቁር ጥዶችና ሞገድ ከማይታይበት ውሃ መፈለግ ይሻላል። ቦክሊን ሥዕሉን ደጋግሞ ሥሎታል፤ በርሊን በሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1883ቱ ቅጂ ሰማዩ ፈካ፣ ዓለቶቹም ብርሃን አገኙ፤ በእኔ አስተያየት ግን ድባቡን ይበልጥ የሚያከብደው ይኸው ብርሃን ነው፣ ምክንያቱም በጨለማው ቅጂ ተሸፍኖ የነበረውን የመቃብር በር ሁሉ አጉልቶ ያሳያል።